ቅናሹ እውነት ነው? የኦንላይን ዋጋ መከታተያ ለመምረጥ

ከሁለት ዓመት በፊት የጆሮ ማዳመጫ መግዛት ፈለግኩ። አንድ የኦንላይን መደብር ውስጥ የምፈልገውን አገኘሁ። የድሮው ዋጋ በቀይ ተሰርዟል። ከጎኑ «40 በመቶ ቅናሽ» ይላል። ከሥሩ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል። ብዙም ሳላስብ ገዛሁት፤ ደስም አለኝ።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ጓደኛዬ የዋጋ ታሪክ የሚያሳይ ድረ ገጽ ጠቆመኝ። መጀመሪያ የፈለግኩት ያንኑ ማዳመጫ ነበር። ግራፉን ሳየው ክው አልኩ። ባለፉት ስምንት ወራት ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ የተሸጠው እኔ በገዛሁበት ዋጋ ነው። እንዲያውም ሁለት ጊዜ ከዚያ በታች ወርዷል። ያ በቀይ የተሰረዘው ዋጋ የቆየው 11 ቀን ብቻ ነው፤ እነሱም ከ«ቅናሹ» በፊት የነበሩት 11 ቀናት ናቸው።

ዕቃው ጥሩ ነው፣ እስካሁን ይሠራል። ያንገበገበኝ መቻኮሌ ነው። ያን ቀን ባልገዛው በሚቀጥለው ሳምንትም በዚያው ዋጋ አገኘው ነበር። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን መከታተያ ሁሉ ስሞክር ቆይቻለሁ። አንዳንዱ በእውነት ገንዘብ ያተርፋል። አንዳንዱ ግን ያተረፋችሁ እያስመሰለ የበለጠ ያስወጣችኋል። ልዩነቱ ከውጭ ሲታይ አይታወቅም።

የተሰረዘው ዋጋ ምን ያህል ይታመናል?

ስሌቱን እንየው። አንድ ዕቃ ሁልጊዜ በ100 ይሸጣል እንበል። ሻጩ ለሁለት ሳምንት 140 ያደርገዋል። ከዚያ «30 በመቶ ቅናሽ» ብሎ ይለጥፋል። ከ140 ላይ 30 በመቶ ሲነሳ 98 ይመጣል። የተለጠፈው 30 ነው፣ እናንተ ያተረፋችሁት 2 ነው። 140 የሚባል ዋጋ በእርግጥ ስለነበረ ሻጩ ዋሸ ማለትም ይከብዳል። ከዚያ በፊት ስንት እንደነበረ ግን ማንም አልነገራችሁም።

ይህን ለማስቆም የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. ከሜይ 28 ቀን 2022 ጀምሮ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በኅብረቱ አገሮች ቅናሽ አደረግሁ የሚል ሻጭ ከቅናሹ በፊት ባሉት ቢያንስ 30 ቀናት የጠየቀውን ዝቅተኛ ዋጋ አብሮ ማሳየት አለበት። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በመቶኛ የሚነገረው ቅናሽም ከዚያው ዝቅተኛ ዋጋ ላይ መሰላት አለበት ብሎ ወሰነ። ጥሩ ሕግ ነው። ይሁን እንጂ 30 ቀን አጭር ነው። ዋጋውን ከሁለት ወር በፊት ከፍ አድርጎ የጠበቀ ሻጭ ሕጉን ሳይጥስ ያልፋል። ከኅብረቱ ውጭ ደግሞ የምትገዙበት አገር ሕግ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማስታወሱ የገዢው ሥራ ነው። መከታተያዎቹ የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው።

ከመምረጣችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ለዩ። ስለ ዋጋ የምንጠይቀው ጥያቄ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ይህ ዋጋ ከበፊቱ ሲነጻጸር እንዴት ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሌላ ሻጭ ጋ ስንት ነው?» የሚል ነው። አብዛኛው መሣሪያ አንዱን ጥያቄ ብቻ በደንብ ይመልሳል። ለሁለተኛው የተሠራውን ለመጀመሪያው የተጠቀመ ሰው መሸወዱ አይቀርም።

የዋጋ ታሪክ የሚያሳዩት

እኔ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ከዚህ ወገን ነው። እዚህ በሰፊው የሚታወቁት ሁለት ናቸው፤ ካሜልካሜልካሜል እና ኪፓ። ሁለቱም የተሠሩት ለአማዞን ነው። ከሌላ ቦታ ለሚገዛ ሰው አይሆኑም፤ ይህን አስቀድማችሁ እወቁት።

ካሜልካሜልካሜል ከ2008 ጀምሮ ያለ ነው። ነጻ ነው። የሚወድለት ነገር ምንም ሳትጭኑ መጠቀም መቻላችሁ ነው። የዕቃውን ሊንክ ኮፒ አድርጋችሁ ፍለጋው ላይ ትለጥፋላችሁ፣ ግራፉ ይመጣል። ግራፉ ሦስት ዋጋ ለይቶ ያሳያል፤ አማዞን ራሱ የሚሸጥበትን፣ በአማዞን በኩል የሚሸጡ ሌሎች ነጋዴዎች የአዲስ ዕቃ ዋጋን፣ እና ያገለገለውን። የምትፈልጉትን ዋጋ ጽፋችሁ ኢሜይላችሁን ትሰጣላችሁ። ዋጋው እዚያ ሲደርስ መልእክት ይመጣል። ሌላ ጣጣ የለውም።

ኪፓ ብራውዘር ላይ የሚጫን ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም (ኤክስቴንሽን) አለው። ከተጫነ በኋላ የአማዞንን ገጽ ስትከፍቱ ግራፉ እዚያው ከዕቃው ሥር ይታያል። ልማድ ለመቀየር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ለማየት ሌላ ገጽ መክፈት አያስፈልግም። ማሳወቂያውንም በኢሜይል፣ በብራውዘር ወይም በቴሌግራም መቀበል ይቻላል። ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚቆዩ ቅናሾችንም ይመዘግባል። ዋናው ግራፍ ነጻ ነው፣ አንዳንዱ ዝርዝር መረጃ ግን በወርሃዊ ክፍያ ነው። ያ ክፍያ የሚያስፈልገው በአማዞን ላይ ለሚነግዱ ሰዎች ነው። ለቤቱ ዕቃ የሚገዛ ሰው አይክፈል።

የትኛው ይሻላል? በዓመት አምስት ስድስት ዕቃ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ካሜልካሜልካሜል ይበቃችኋል። አማዞንን በየሳምንቱ የምትከፍቱ ከሆነ ኪፓ ይቀልላችኋል። የኪፓ ግራፍ መስመሩ ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ከጎን ያሉትን ምልክቶች እየነካችሁ የማትፈልጉትን መስመር አጥፉ። እኔ የምተወው ሁለቱን ብቻ ነው፤ የአማዞንን እና የአዲስ ዕቃን።

አሁን ዋናው ነገር አነባበቡ ነው። ብዙ ሰው ግራፉን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው ዝቅተኛውን ነጥብ ነው። ከዚያ «እዚህ እስኪደርስ እጠብቃለሁ» ይላል። ይህ ስህተት ነው። ያ ዝቅተኛ ነጥብ ምናልባት ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ቀን ብቻ የታየ ነው። ሻጩ ዋጋውን ሲያስገባ ተሳስቶም ይሆናል። ጨርሶ የማይመለስ ዋጋ እየጠበቃችሁ ዕቃው ከገበያ ሊጠፋ ይችላል።

በመጀመሪያ የሚታየው የተለመደው ዋጋ ነው። ያለፈውን አንድ ዓመት ክፈቱና መስመሩ ረጅም ጊዜ ተኝቶ የቆየበትን ቁመት ፈልጉ። የዕቃው እውነተኛ ዋጋ እሱ ነው። ከዚያ መስመሩ ስንት ጊዜ ወደ ታች እንደወረደና እስከ የት እንደደረሰ ቁጠሩ። በዓመት አራት ጊዜ 85 የደረሰ ዕቃ አምስተኛም መድረሱ አይቀርም። አንድ ጊዜ ብቻ 60 የደረሰ ዕቃ ግን ተስፋ አይጣልበትም። እኔ ማሳወቂያ የምሞላው ቢያንስ ሁለት ጊዜ በታየው ዝቅተኛ ዋጋ ላይ ነው። በጣም ዝቅ አድርጎ የሞላ ሰው መልእክቱ ሳይደርሰው ይቀርና ወር ሙሉ ጠብቆ በመጨረሻ ተበሳጭቶ በሙሉ ዋጋ ይገዛል።

መስመሩ የሚቆረጥበትንም ልብ በሉ። ሲቆረጥ ዕቃው በዚያ ጊዜ በዚያ ሻጭ ዘንድ አልነበረም ማለት ነው። ከተቆረጠ በኋላ በጣም ከፍ ብሎ ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ጠፍቶ አንድ ነጋዴ ብቻውን ይዞታል። እንዲህ ባለ ጊዜ መግዛት ከሁሉ የከፋ ነው። ካልቸኮላችሁ ጠብቁ።

ግራፉ የማያሳየውም አለ። ካሜልካሜልካሜል የማጓጓዣ ክፍያን አይጨምርም። አማዞን ገጽ ላይ ምልክት አድርጋችሁ የምትወስዱት የቅናሽ ኩፖንም በመስመሩ ላይ አይታይም። ስለዚህ ግራፉ 100 ሲል ከኪሳችሁ የሚወጣው 92 ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከማጓጓዣው ጋር 112። የመጨረሻውን ድምር የምታዩት መክፈያው ገጽ ላይ ነው።

ሻጮችን የሚያወዳድሩት

ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመልሱት የዋጋ ማወዳደሪያ ድረ ገጾች ናቸው። የቆዩ ናቸው። የጃፓኑ ካካኩ በ1997፣ የስዊድኑ ፕራይስረነር በ1999፣ የጀርመኑ አይዲያሎ በ2000 ነው የተጀመሩት። ፕራይስረነርን በ2022 የክፍያ ኩባንያው ክላርና ገዝቶታል። በብዙ አገር የሚሠራው ደግሞ ጉግል ሾፒንግ ነው። አንድ ዕቃ ስትፈልጉ የብዙ መደብሮችን ዋጋ ደርድሮ ያቀርባል።

ጥቅማቸው ግልጽ ነው። ዋጋው ለወራት ያልተነቃነቀ ዕቃ ካለ፣ መጠበቅ ምንም አያመጣም፤ ሌላ ሻጭ ጋ መሄድ ግን ሊያመጣ ይችላል። እንደ አይዲያሎ እና ፕራይስረነር ያሉት የዋጋ ታሪክም ስለሚያሳዩ ሁለቱንም ጥያቄ በአንድ ቦታ ይመልሳሉ። እነሱ በሚሠሩበት አገር የምትኖሩ ከሆነ ከአማዞን መከታተያዎቹ በፊት እነዚህን ሞክሩ እላለሁ። የሚያዩት አንድ መደብር ብቻ ስላልሆነ በታማኝነትም ይሻላሉ።

ሦስት ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ከላይ የተቀመጠው ሁልጊዜ ርካሹ አይደለም። መደብሮች ለእነዚህ ድረ ገጾች ይከፍላሉ፣ አንዳንዱ ቦታ በክፍያ የተያዘ ነው። «ስፖንሰር» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ እለፉት፣ ከዚያ ዝርዝሩን ማጓጓዣን ጨምሮ በሚለው ደርድሩት። ሁለተኛ፣ የማታውቁት ሻጭ ከሌሎቹ በግማሽ ካስቀመጠ ተጠራጠሩ። የመመለሻ ደንቡን፣ አድራሻውን፣ የገዢዎችን አስተያየት ሳታዩ ካርዳችሁን አታስገቡ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ የሞዴል ቁጥሩ።

ቴሌቪዥንን እንውሰድ። ስሙ አንድ፣ መጠኑ አንድ፣ መልኩ አንድ የሆነ ሁለት ቴሌቪዥን ስታዩ የሞዴል ቁጥሩ መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል ሊለያይ ይችላል። ያቺ ፊደል ያነሰ መሰኪያ ወይም ደከም ያለ ስክሪን ማለት ልትሆን ትችላለች። አምራቾች ለታላላቅ የቅናሽ ወቅቶች ወይም ለአንድ መደብር ብቻ ብለው የሚያወጧቸው ሞዴሎች አሉ። እንዲህ ያለ ሞዴል የዋጋ ታሪክ የለውም፤ ወይ በጣም አጭር ነው። «ከዚህ በፊት በዚህ ዋጋ ተሽጦ አያውቅም» ሲባል እውነት ነው፤ ዕቃው ራሱ ከዚህ በፊት አልነበረም። ስለዚህ ስትፈልጉ በስሙ ሳይሆን በሙሉ የሞዴል ቁጥሩ ፈልጉ።

ብራውዘሩ ውስጥ ያለው

ጉግል ክሮም እና ማይክሮሶፍት ኤጅ የራሳቸው ዋጋ መከታተያ አላቸው። ክሮም ላይ የዕቃውን ገጽ ስትከፍቱ አድራሻው ከሚጻፍበት አጠገብ የክትትል ምልክት ይመጣል፤ ስትነኩት ዋጋው ሲወርድ ያሳውቃችኋል። ለዚህ በጉግል አካውንት መግባት ያስፈልጋል። ምልክቱ በሁሉም መደብርና በሁሉም አገር አይመጣም። ሌላ ነገር መጫን ለማይፈልግ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። ድክመቱ «ወረደ» ብሎ የሚነግራችሁ ትንሽም ሲወርድ መሆኑ ነው። ከ100 ወደ 97 ወረደ የሚል መልእክት ሰውን ከማስቸኮል በስተቀር አይረዳም።

ኩፖን ፈላጊዎቹ

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ዋጋ መከታተያ» ሲባል የሚመጣለት ይህ ነው። መክፈያው ገጽ ላይ ስትደርሱ ብቅ ይላል፣ የኩፖን ኮዶችን አንድ በአንድ ይሞክራል፣ ከዚያ «ይህን ያህል አተረፋችሁ» ይላል። ከሁሉም የታወቀው ሃኒ ነው። በ2012 ተጀመረ፤ በ2019 መጨረሻ የክፍያ ኩባንያው ፔይፓል በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊገዛው ተስማማ። ለተጠቃሚው ነጻ የሆነ ነገር ይህን ያህል ካወጣ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሚመጣው ከኮሚሽን ነው። ከአንድ መደብር ስትገዙ፣ ወደዚያ የላካችሁ ማን እንደሆነ ብራውዘራችሁ ላይ ይመዘገባል። ላኪው ከሽያጩ ድርሻ ያገኛል። በዲሴምበር 2024 አንድ ዩቲዩበር ሃኒ መክፈያው ላይ ብቅ ሲል የሌላውን ላኪ ምዝገባ በራሱ ይተካል የሚል ክስ በቪዲዮ አቀረበ። አብረውት የሚሠሩ መደብሮች የትኛው ኩፖን እንደሚታይ መወሰን ይችላሉ፣ ስለዚህ የተሻለ ኩፖን እያለ ተጠቃሚው ላያየው ይችላል የሚልም ነበረበት። ፔይፓል በበኩሉ የምሠራው በኢንዱስትሪው ደንብ መሠረት ነው አለ። በማርች 2025 ጉግል የክሮም ኤክስቴንሽኖችን ደንብ ቀየረ፤ ለተጠቃሚው ግልጽና ቀጥተኛ ጥቅም ሳይሰጡ የኮሚሽን ሊንክ ማስገባት ተከለከለ።

ካሜልካሜልካሜልም ከአማዞን ኮሚሽን ያገኛል፤ ኮሚሽን በራሱ ነውር አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የዋጋ ታሪክ የሚመጣው ከውሳኔ በፊት ነው። «አሁን ልግዛ ወይስ ልቆይ?» ለሚለው መልስ ይሰጣል፤ አንዳንዴም መልሱ «አትግዛ» ነው። ኩፖን ፈላጊ ግን የሚመጣው ወስናችሁ ካርዳችሁን ስታወጡ ነው። እሱ «አትግዛ» ብሎ አያውቅም፣ ሊልም አይችልም። ቀደም ብሎ ዋጋው በ20 ከፍ ብሎ ከሆነ በ5 የሚቀንስ ኩፖን አግኝቶ ያስደስታችኋል። ያ ደስታ ነው ገንዘብ የሚያስወጣው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ኩፖን ፈላጊ ልትጠቀሙ ትችላላችሁ፣ በእርግጥ የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ግን ታሪኩን አይታችሁ ለመግዛት ከወሰናችሁ በኋላ ይሁን። ብቸኛ መሣሪያችሁ አይሁን።

ማንኛውንም ገጽ የሚጠብቁት

የምትገዙበት መደብር ትንሽ ከሆነና ከላይ ያሉት ሁሉ የማያውቁት ከሆነ ገጽ ጠባቂዎች አሉ። ቪዥዋልፒንግ እና ዲስቲል ጥሩዎች ናቸው። የዕቃውን ገጽ ትሰጧቸዋላችሁ፣ ዋጋው የተጻፈበትን ቦታ በማውዝ ትከልላላችሁ፣ ያ ቦታ ሲቀየር ይነግሯችኋል። ዋጋ መሆኑን እንኳ ማወቅ አያስፈልጋቸውም። «አልቋል» የሚለው ጽሑፍ ሲነሳም ለማወቅ ይጠቅማሉ።

ጉድለታቸው የኋላውን አለማወቃቸው ነው። ማየት የሚጀምሩት እናንተ ካዘዛችኋቸው ቀን ጀምሮ ነው። ነጻው አገልግሎት ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያይና ስንት ገጽ እንደሚጠብቅ ገደብ አለው። ከልክ በላይ ብዙ ቦታ ከከለላችሁ ማስታወቂያ በተቀየረ ቁጥር መልእክት ይጎርፋል። ዋጋውን ብቻ አጥብባችሁ ከልሉ።

ደብተር

ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን በየጊዜው ደጋግማችሁ ለምትገዙት ነገር ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። ሳሙና፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የፕሪንተር ቀለም፣ የጥርስ ሳሙና። ለእነዚህ ግራፍ መክፈት ያሰለቻል። ስልካችሁ ላይ አንድ ሠንጠረዥ ክፈቱ። ቀን፣ መደብር፣ ጠቅላላ ዋጋ፣ መጠን፣ ከዚያ ዋጋውን በመጠኑ ማካፈል። የመጨረሻዋ ቁጥር ናት ቁም ነገሩ።

ምክንያቱም ዋጋ ሳይጨምር ዕቃው ሊያንስ ይችላል። 500 ግራም የነበረው 450 ሆኖ በዚያው ዋጋ ሲሸጥ ግራፉ ላይ መስመሩ አልተነቃነቀም። በግራም ስታካፍሉት ግን ከ11 በመቶ በላይ ጨምሯል። ይህን የትኛውም የዋጋ ግራፍ አይነግራችሁም፤ ደብተራችሁ ይነግራችኋል። ሦስት ወር ብትጽፉ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ «በብዛት ከገዛችሁ ይረክሳል» የሚለው ጥቅል በእርግጥ ይረክስ እንደሆነ ራሳችሁ ታውቃላችሁ። ብዙ ጊዜ አይረክስም።

መቼ ነው የሚወርደው?

ትላልቆቹ ወቅቶች ይታወቃሉ። ብላክ ፍራይዴይ በኖቬምበር መጨረሻ ነው። የቻይናው የኦንላይን ገበያ አሊባባ ከ2009 ጀምሮ ኖቬምበር 11ን የሽያጭ ቀን አድርጎታል። አማዞን ለአባላቱ የሚያዘጋጀው የቅናሽ ቀን፣ ፕራይም ዴይ፣ በጁላይ 2015 ተጀመረ። ማሳወቂያ ሞልታችሁ እነዚህን ወቅቶች መጠበቅ ያዋጣል። ያለ ታሪክ ግን በእነዚህ ቀናት መግዛት አደገኛ ነው። የእንግሊዙ የሸማቾች ድርጅት ዊች የብላክ ፍራይዴይ ቅናሾችን ለዓመታት ሲመረምር አብዛኞቹ ዕቃዎች በሌላ ጊዜም በዚያው ዋጋ ወይም ባነሰ እንደተሸጡ ደጋግሞ አግኝቷል።

ለኤሌክትሮኒክስ ከበዓላቱ ይልቅ የሚሻለው አዲስ ሞዴል የሚወጣበት ጊዜ ነው። አዲሱ ሲመጣ የበፊቱ ይወርዳል። የምትፈልጉት ዕቃ ያለፉት ሁለት ሞዴሎች በየትኛው ወር እንደወጡ ካወቃችሁ ግራፉ ምን እንደሚሆን ቀድማችሁ ትገምታላችሁ። ልብስና ጫማ ደግሞ ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ነው የሚረክሰው፤ ግን የእናንተ ቁጥር እስከዚያ ላይቆይ ይችላል። ልብስ ላይ ብዙ መጠበቅን አልመክርም።

ሌላም አለ። ሁላችንም የምናየው ዋጋ አንድ ነው ብላችሁ አትመኑ። አማዞን በ2000 አንድን የዲቪዲ ፊልም ለተለያዩ ሰዎች በተለያየ ዋጋ ሲሸጥ ተደርሶበት ነበር፤ ኩባንያው በዘፈቀደ የተደረገ ሙከራ ነው ብሎ ልዩነቱን ለገዢዎች መለሰ። ዛሬም በመተግበሪያ ብቻ የሚገኝ ዋጋ፣ ለአባላት ብቻ የሚሰጥ ዋጋ፣ ዕቃውን የግዢ ቅርጫት (ካርት) ውስጥ አስገብታችሁ ስትጠፉ የሚላክ ኩፖን አለ። መከታተያዎች እነዚህን አያዩም። ከመክፈላችሁ በፊት አንዴ ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ፣ አንዴ ደግሞ በስልክ መተግበሪያው እዩት። ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ስለምትሰጡት ፈቃድ

ኤክስቴንሽን ስትጭኑ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ብዙዎቹ «በምትከፍቷቸው ድረ ገጾች ሁሉ ያለውን መረጃ ማንበብና መቀየር» የሚል ፈቃድ ይጠይቃሉ። ሁሉም ማለት ባንካችሁንም፣ ኢሜይላችሁንም ይጨምራል። ዋጋ ለመከታተል ይህ አያስፈልግም። ክሮም ላይ ወደ ኤክስቴንሽኑ ዝርዝር ገብታችሁ ስትነኩት ብቻ ወይም በመረጣችሁት ድረ ገጽ ላይ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ይህን ሳታደርጉ አትለፉ። ለመከታተያ ብቻ የሚሆን የተለየ ኢሜይል መክፈትም ጥሩ ነው። ጭራሽ መጫን የማይፈልግ ሰው ሊንክ መለጠፉን ይያዝ፤ ትንሽ ቢያደክምም ምንም አያስረክብም።

እኔ አሁን የምጠቀመው ሦስት ነው። ለትልልቅ ዕቃ የዋጋ ታሪክ፤ ዋጋው አልነቃነቅ ካለ ማወዳደሪያ፤ ለቤት ፍጆታ ደብተር። ኩፖን ፈላጊውን አጥፍቼዋለሁ። በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ ዕቃ ላይ ማሳወቂያ አልሞላም። ሃያ ዕቃ የሚከታተል ሰው በየቀኑ «ወረደ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፣ ከዚያም ያላሰበውን ይገዛል። ዕቃው ዝርዝሬ ውስጥ ሳይገባ በፊት ልከፍል የምፈልገውን ዋጋ በወረቀት እጽፋለሁ፤ ግራፉን የማየው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተገናኙ ዕቃውን እተወዋለሁ።

ከገዛችሁ በኋላ ክትትሉን ወዲያው አታጥፉት። ብዙ መደብሮች ያልተከፈተ ዕቃ መልሰው ይቀበላሉ። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በኦንላይን የተገዛን ዕቃ፣ ከጥቂት ዓይነቶች በስተቀር፣ ምክንያት ሳይሰጡ በ14 ቀን ውስጥ መመለስ መብት ነው። ባለፈው ዓመት የቤት መጥረጊያ ማሽን ገዛሁ። በ9ኛው ቀን ዋጋው በ15 በመቶ መውረዱ በኢሜይል መጣልኝ። የገጹን ፎቶ ከትዕዛዝ ቁጥሬ ጋር ላክሁና «ልዩነቱን ትመልሱልኛላችሁ ወይስ ዕቃውን መልሼ እንደገና ልዘዝ?» ብዬ ጠየቅኩ። በሁለት ቀን ውስጥ ልዩነቱ ካርዴ ላይ ገባ። የመመለሻው ጊዜ ባለፈ ማግስት ክትትሉን አጠፋሁት።